የቤታችን መግቢያ ሸክላ ጡብ እየፈረፈረ ነው፤ ከክረምቱ በፊት ምን ላድርግ? (ባሕር ዳር)

ሽምብጥ_ሰፈር፦
እንዴት ሰነበታችሁ። ምክር ፈልጌ ነው።

ቤቱ የእናቴ ነው፤ ሽምብጥ። መግቢያው ላይ የግቢውን ብረት በር የያዙ ሁለት የሸክላ ጡብ ዓምዶች አሉ። ከነሱ ገባ ሲባል ሦስት ደረጃ ያለው በረንዳ አለ፤ እሱም ጡብ ነው። የቀረው ግድግዳ የተለሰነ ብሎኬት ስለሆነ ደህና ነው። ጡቡ ግን እያለቀ ነው።

ከታች ያሉት ረድፎች ፊታቸው እየተላጠ ነው። በጣት ሲነካ ቀይ ዱቄት ይሆናል። እናቴ ጠዋት በጠረገች ቁጥር አንድ እፍኝ ታነሣለች። ከፍ ብሎ ደግሞ ነጭ ጨው የመሰለ ነገር ወጥቶበታል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ግንበኛ መጋጠሚያውን በሲሚንቶ ሞልቶልን ነበር። የሚገርመው ሲሚንቶው ምንም አልሆነም፤ ፈጥጦ ቆሟል። ወደ ውስጥ የገባው ጡቡ ነው።

የላይኛው ደረጃ ጠርዝ ላይ ያሉት ጡቦች ይነቃነቃሉ። በግራው ዓምድ ላይ፣ በበሩ ማጠፊያ ትክክል፣ ስንጥቅ አለ።

የጠየቅኳቸው ግንበኞች አልተስማሙልኝም። አንዱ "በልስን እንሸፍነው" አለ። ሌላው "አፍርሰን በብሎኬት እንሥራው" አለ። ሌላው ደግሞ "ኬሚካል ይቀባል" ብሎ ሄደ። እናቴ "ጡቡን እንዳትነኩብኝ" ብላለች። ግንቦት ገብቷል፤ ዝናቡ ደርሷል። ምን ይሻለኛል?

ዘንባባ፦
እህቴ ምን አደከመሽ! አፍርሰሽ ግራናይት ወይ ሴራሚክ አልብሺው። ጎረቤቶቼ እንደዚያ አድርገው መግቢያቸው ሆቴል መስሏል። የሸክላ ጡብ ፋሽኑ አልፏል።

የዓባይ_ማዶ_ልጅ፦
ሆቴልማ ይመስላል፤ ሐምሌ ላይ ግን መንሸራተቻ ነው። ያ የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ ደጅ ላይ ውሃ ሲያርፍበት እናትየውን ማን ያነሣቸዋል?

ዘንባባ፦
ሻካራ ሴራሚክም አለ እኮ!

ቱንቢ፦
ልጄ፣ ሲሚንቶ ለመግዛት አትሩጪ። ጡብ ዝም ብሎ አይፈረፍርም፤ ውሃ ነው የሚበላው። ውሃው ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ የሚሠራ ሥራ ሁሉ ተመልሶ ይፈርሳል።

እስቲ ወጣ በይና አይተሽ ንገሪኝ። ዓምዶቹ አናታቸው ላይ ክዳን አላቸው? የጣሪያው አሸንዳ ውሃውን የት ነው የሚጥለው? የግቢው አፈር ጡቡን የት ድረስ ይነካዋል? ቱንቢ ካለሽ ዓምዱ ላይ ጣይበት። ከሌለሽ ክር ላይ ድንጋይ ማሰር ይበቃል። ጋደል ካለ ወሬው ሌላ ነው፤ መሠረቱ ሄዷል ማለት ነው።

ልስኑን እርሺው። እርጥብ ጡብ ላይ የተለሰነ ሲሚንቶ ብዙ ክረምት አይሻገርም። ሲወድቅ ደግሞ የጡቡን ፊት ይዞ ነው የሚወድቀው።

ሽምብጥ_ሰፈር፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ወጥቼ አየሁት።

ክዳን የለም። አናቱ ላይ ክብ መብራት ነው የተተከለው። በመብራቱ ዙሪያ የተለጠፈው ሲሚንቶ ተሰነጣጥቋል፤ የሽቦው ቀዳዳም ክፍት ነው። የአሸንዳው ቱቦ ደረጃው ጎን ላይ ያበቃል፤ ሲዘንብ ውሃው ጡቡን እየገረፈ ይወርዳል። ግራው ዓምድ ሥር የእናቴ አበባ አለ፤ ጽጌረዳና ጤና አዳም። አፈሩ የታችኞቹን ረድፎች ሸፍኗቸዋል፤ ማታ ማታ ደግሞ ውሃ ይጠጣል። በዚያ ላይ ኮብልስቶን ሲነጠፍ መንገዱ ከፍ ስላለ ግቢያችን ጎድጓዳ ሆኗል።

ቱንቢ ጣልኩበት። ቀጥ ብሏል።

ቱንቢ፦
አገኘሽው። መድኃኒቱ ግማሹ በነፃ ነው።

አፈሩን ከጡቡ ላይ አንሺ። የግቢው አፈር ከታችኛው የተጋለጠ ረድፍ ቢያንስ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ መቅረት አለበት። አበባው ወዲያ ይዛወር፤ ጤና አዳም የትም ይበቅላል። የቆፈርሽውን በአፈር አትመልሺው፤ ጠጠር አድርጊበት። ዝናብ አፈር ላይ ሲያርፍ ጭቃውን ጡቡ ላይ ይረጨዋል። ጠጠር ላይ ሲያርፍ ግን ሰርጎ ይሄዳል። ግቢው ጎድጓዳ ነው ካልሽ ደግሞ ጠጠሩ ሥር ውሃው የሚሄድበት መውጫ ይኑረው፤ አለበለዚያ ዓምድሽን ኩሬ ውስጥ ነው ያቆምሽው።

ቱቦውን በክርን፣ በቱቦ መታጠፊያው ማለቴ ነው፣ አዙረሽ ከደረጃው አርቂ። ይኼ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

አናቱ ላይ የኮንክሪት ክዳን ይሞላ። በየጎኑ ከዓምዱ አራት አምስት ሳንቲ ሜትር ወጣ ይበል፤ አናቱም ጠፍጣፋ ሳይሆን ወደ ጠርዙ ተዳፋት ይኑረው። ከክዳኑ ሥር፣ ከጡቡ ወጣ ባለው ክፍል ላይ፣ ዙሪያውን ጠባብ ቦይ ያስፈልጋል። ቦይዋ ከሌለች ውሃው በክዳኑ ሆድ በኩል ተመልሶ ጡቡ ላይ ይወርዳል። ይህችን ብዙ ሰው ይረሳታል። አሠራሯ ቀላል ነው፦ ከመሞላቱ በፊት ኮንክሪቱ የሚፈስበት ሳንቃ ላይ የእርሳስ ውፍረት ያለው ገመድ ዙሪያውን በምስማር ይያዝ። ሳንቃው ሲፈታ ገመዱ ይነቀላል፣ ቦይዋ ተሠርታ ትገኛለች። የመብራቱ ሽቦ ደግሞ በቱቦ ውስጥ አልፎ ከክዳኑ በላይ ይውጣ።

ባለባጃጁ፦
ጋሼ ይችን የገመድ ነገር ዛሬ ነው የሰማሁት። የእኛም አጥር ሊሠራ ነው፤ ያዝኳት።

ፖሊ_ሲቪል፦
ጋሼ ቱንቢ ልክ ናቸው። እኔ "ሲሚንቶው ቆሞ ጡቡ ለምን አለቀ?" የሚለውን ልጨምር፤ ቁልፉ እዚያ ላይ ነው።

ጡብ ውሃ ይጠጣል። የጠጣውን መልሶ ማውጣት አለበት። መጋጠሚያው ከጡቡ የላላ ከሆነ ውሃው በመጋጠሚያው በኩል ተንኖ ይወጣል። ያኔ ጉዳቱ የሚያርፈው ማልታው፣ ማለትም መጋጠሚያውን የሞላው ድብልቅ፣ ላይ ነው፤ ማልታ ደግሞ ይቀየራል። መጋጠሚያውን ወፍራም ሲሚንቶ ሲሞላበት ግን መውጫው ተዘጋ። ውሃው በጡቡ ፊት ብቻ መውጣት ይጀምራል። ውሃው ይተንና የተሸከመው ጨው ከጡቡ ፊት ሥር ይቀራል። ጨው ሲደርቅ ክሪስታል ይሠራል፤ ክሪስታሉ እያደገ የጡቡን ቆዳ ይገፋዋል። እናትሽ የሚጠርጉት ቀይ ዱቄት ያ ነው።

ኢንተርኔት ላይ ስለ ጡብ ጥገና ስታነቢ ውርጭ ውርጭ የሚል ብዙ ታገኛለሽ። በቀዝቃዛ አገር ጡብ ውስጥ የገባ ውሃ በረዶ ሲሆን ያብጥና ጡቡን ይሰነጥቀዋል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ብትሆንም ጡብ የሚሰነጥቅ ውርጭ የለባትም፤ እሱን ተይው። የእኛ ጣጣ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናብ፣ ከሥር የሚሳበው እርጥበትና ጨው ነው። ሐይቁ ዳር ባሉ ሰፈሮች ደግሞ የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ስለሆነ ዓምዱ በጋውን ሙሉ ከታች ሊጠጣ ይችላል።

ነጩን ጨው በደረቅ ብሩሽ ጥረጊና ዱቄቱን ሰብስበሽ ከግቢ አውጪው። በውሃ አትጠቢው፤ ጨው በውሃ ይሟሟና ተመልሶ ይገባል። "በአሲድ ይለቃል" የሚልሽ ካለ አትስሚው። ጡብሽ እንኳን አሲድ ጣትም አልቻለ።

ባለባጃጁ፦
ይቅርታ ግን፣ ጠንካራ ሲሚንቶ ጥሩ አይደል እንዴ? ቤታችን ሲሠራ ግንበኛው "ሲሚንቶ ጨምሩ" እንጂ "ቀንሱ" ሲል ሰምቼ አላውቅም።

ቱንቢ፦
ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ) ላይ፣ ሶሌታ (የኮንክሪት ወለል) ላይ ጨምር። እሱ ጭነት ነው የሚሸከመው። የጡብ መጋጠሚያ ሥራው ሌላ ነው። ማልታ ከጡቡ መብለጥ የለበትም። ከሁለቱ አንዱ መበላቱ ካልቀረ ማልታው ይበላ፤ እሱን ከመሙላት ጡብ መቀየር ይከብዳል።

ጎርጎራ፦
የጎንደር ግንቦች ሲሚንቶ አያውቁም፤ የቆሙት በኖራ ነው። ጢስ ዓባይ አጠገብ ያለውን የድንጋይ ድልድይም ሄዳችሁ እዩት። የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው፤ ያን ሁሉ ክረምት ተሻግሯል።

የዓባይ_ማዶ_ልጅ፦
እኔ የሰማሁት በእንቁላል ተሠራ ሲባል ነው።

ጎርጎራ፦
ይባላል። እንቁላሉን ለዶሮ ወጥ ተውልን፤ ድንጋዩን የያዘው ኖራ ነው።

ሽምብጥ_ሰፈር፦
እሺ፣ ታዲያ በምን ልሙላው? መጠኑን ንገሩኝ፤ ግንበኛው ሲመጣ አፌን ሞልቼ እንድናገር።

ፖሊ_ሲቪል፦
ለዓምዱ አንድ ሲሚንቶ፣ አንድ ኖራ፣ ስድስት አሸዋ። ልኬቱ በክብደት ሳይሆን በይዘት ነው፤ በአንድ ዓይነት ጣሳ ወይም ባልዲ ይሰፈር፤ በአካፋ ግምት አይሁን። ጡቡ በጣም ልል ከሆነ፣ ማለትም በጥፍር የሚፋቅ ከሆነ፣ አንድ ለሁለት ለዘጠኝ ይሻላል።

ብዙ ዕቃ እንዳያስገዙሽ ሒሳቡን ላሳይሽ። ጡቡ 25 በ6 ሳንቲ ሜትር ፊት ካለው፣ መጋጠሚያው ደግሞ 1 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ አንድ ካሬ ሜትር ላይ 55 ያህል ጡብ አለ። መጋጠሚያው በ2.5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ሲሞላ ለአንድ ካሬ አራት ሊትር ተኩል አካባቢ ማልታ ይፈልጋል። የሚደፋውን ጨምረሽ ስድስት በይው። አሥር ካሬ ቢሆን 60 ሊትር ነው። ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አሸዋ፣ ግማሽ ጀሪካን ሲሚንቶ፣ ግማሽ ጀሪካን ኖራ። አንድ ኩንታል ሲሚንቶ እንኳን አይፈጅም፤ አንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ይተርፍሻል።

ሲሚንቶው ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት) ቢሆን ይበቃል። ኦፒሲው (ተራው ፖርትላንድ ሲሚንቶ) ለኮንክሪት ይሁን።

አሸዋውን ግን አትመኚ። ግማሽ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ድረስ አሸዋ ጨምሪ፣ ውሃ ሙዪበት፣ ቆንጥረሽ ጨው ጣይ፣ በደንብ ናጪና አስቀምጪው። ሲረጋ ከላዩ ላይ ቀጭን የአፈር ንጣፍ ይሠራል። ንጣፉ ከአሸዋው ውፍረት ከመቶ ስድስት እጅ በላይ ከሆነ አሸዋው ይታጠብ ወይም ይመለስ። አፈር የበዛበት አሸዋ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል።

ዘንዘልማ፦
ኖራ ስትገዙ ተጠንቀቁ። በጎጃም በኩል ለአሲዳማ አፈር ለገበሬ የሚከፋፈል ኖራ አለ። ብዙ ሰው "ኖራ ኖራ ነው" ብሎ ከዚያ ሊቀላቅል ይሞክራል። አይሆንም። የእርሻው ኖራ የተፈጨ ጥሬ ድንጋይ ነው፤ አልተቃጠለም። ማልታ ውስጥ ብታስገቢው እንደ ድንጋይ ዱቄት ይቀመጣል እንጂ አይዝም። ለግንባታ የሚሆነው ተቃጥሎ በውሃ የበረደው ነው። የሚቀባ ኖራ የሚሸጥበት ሱቅ በከረጢት የታሸገ ዱቄት ካለ እሱን ጠይቂ።

ሳይበርድ በድንጋይ መልክ የሚሸጥ ካጋጠመሽ ደግሞ ለለመደ ሰው ተይው። ውሃ ሲነካው ይፈላል። ኖራውን ወደ ውሃው ነው የሚጨምሩት፤ ውሃውን ኖራው ላይ አይደፉም። ክዳን ባለው ጀሪካን ደግሞ ፈጽሞ። ዓይን ውስጥ ከገባ ብዙ ውሃ እያፈሰሱ ታጥቦ ወደ ሐኪም ነው፤ ቀልድ የለውም።

ቱንቢ፦
ዘንዘልማ ደህና ተናገርክ። የታሸገውም ቢሆን እጅ ይበላል፤ ጓንት አይጥፋ።

እኔ ግን ከመሐንዲሱ በአንድ ነገር አልስማማም። ኖራ ቢጠፋ ሥራው ይቁም አልልም። አንድ ለስድስት፣ ደቃቅና ንጹሕ አሸዋ፣ ሲሚንቶውም ሳይበዛ ሠርቼ የቆመ አለ።

ፖሊ_ሲቪል፦
ጋሼ፣ ኖራ የሌለው አንድ ለስድስት ይሻክራል፤ ጠባብ መጋጠሚያ ውስጥ አይጠቀጠቅም። ግንበኛው እንዲለሰልስለት ብሎ ውሃ ይጨምርበታል፤ ያኔ ሲደርቅ ይኮማተርና ከጡቡ ይላቀቃል። በእርስዎ እጅ ይቆም ይሆናል፤ በሌላው እጅ ግን አልመክርም።

ቱንቢ፦
በሌላው እጅ ላልከው እስማማለሁ። 😄

አሁን የመጋጠሚያውን አከፋፈት ልንገርሽ፤ ገንዘቡ የሚባክነው እዚህ ነው። የድሮው ሲሚንቶ ሳይወጣ ከላዩ ላይ የሚለጠፍ ማልታ የትም አይደርስም። መጋጠሚያው ከስፋቱ ሁለት እጥፍ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ወደ ውስጥ መከፈት አለበት። አንድ ሳንቲ ሜትር ከሆነ ሁለት፣ ሁለት ተኩል። በቀጭን መሮና በመዶሻ፣ ቀስ ተብሎ። ግራይንደር አትፍቀጂ። ግራይንደር የያዘ ልጅ ቶሎ ለመጨረስ ሲል የጡቡን ጠርዝ ይበላዋል፤ የተበላ ጠርዝ አይመለስም። አግድሙ ላይ፣ ያውም ሲሚንቶው መሐል ላይ ብቻ፣ የታመነ እጅ ከሆነ ይሁን። ቁመቱን ግን በመሮ።

ሥሩ ጠፍጣፋ ሆኖ ይጠረግ። አቧራው በብሩሽ ይውጣ። ከዚያ ጡቡ ውሃ ይረጭበት፤ ደረቅ ጡብ የማልታውን ውሃ መጥጦ ይጨርሰዋል። ይረጥብ እንጂ ውሃው ላዩ ላይ አይተኛ። ማልታው ጠጠር ያለ ይሁን፤ በእጅ ሲጨበጥ ቅርጹን የሚይዝ፣ ግን እጅ የማያረጥብ። በቀጭን ብረት ንብርብር እየተደረገ ይጠቅጠቅ፤ አንድ ጊዜ ሞልቶ ማለፍ የለም። ጡቡ ፊት ላይ አይለቅለቅ። ጠንከር ጠንከር ሲል፣ አውራ ጣት ስትጫኚው ሳይገባልሽ ምልክት ብቻ ሲቀር፣ ያኔ ይስተካከል። ከጡቡ ፊት ትንሽ ገባ ብሎ ቢጨርስ ጥሩ ነው፤ ጠርዙ ለተበላ ጡብ ደግሞ ግዴታ ነው። እኩል ልሙላው ካልሽ ማልታው ጡቡ ላይ ይስፋፋና መጋጠሚያው ወፍሮ ይታያል።

ከዚያ ኬሻ አርጥበሽ ከላዩ ጣይበት። የባሕር ዳር ፀሐይ እንደሆነ አይምርም። ሦስት አራት ቀን ኬሻው እርጥብ ሆኖ ይቆይ፤ ሳምንት ቢሆን ይመረጣል።

ሽምብጥ_ሰፈር፦
ጋሼ ይኼን ሁሉ በእጅ ስልክ ጻፉት? ዕድሜ ይስጥልኝ። ደረጃውስ? በዚያው ማልታ ይሠራ?

ቱንቢ፦
ልጄ ነው የሚጽፍልኝ፤ እኔ እናገራለሁ።

ደረጃው ሌላ ነው። ይረገጣል፤ ዝናብም ይተኛበታል። ለደረጃው ጠንከር ይበል። ግን መጀመሪያ ውሃ ልክ አስቀምጪበትና ወዴት እንደሚያዘነብል እይ። አንዳንድ የቤት ደረጃ በጊዜ ብዛት ወደ ግድግዳው ያጋድላል፤ ውሃው ሥሩ ይተኛል።

ፖሊ_ሲቪል፦
ለደረጃው አንድ ሲሚንቶ፣ ግማሽ ኖራ፣ አራት አሸዋ። የሚነቃነቁትን ጡቦች አውጥተሽ ሥራቸው ያለውን አሮጌ ማልታ ሙሉ በሙሉ አንሺ። በላዩ ላይ ብታስቀምጫቸው ዳግም ይነቃነቃሉ። ሲመለሱ በአንድ ሜትር አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ያዘንብሉ። ጠርዙ ላይ በጎናቸው የተሰደሩ ጡቦች ከሆኑ የሁለቱ ጫፍ ጡቦች ቀድመው ይቀመጡ፤ የቀረው በክር ይሄዳል። ለጠርዙ ከተገኘ በደንብ የተቃጠለውን ጡብ ምረጪ፤ ሁለቱን ስታጋጪ ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጠውን። ዱብ የሚለው ለደረጃ አይሆንም።

ባለባጃጁ፦
ስለ ማጠፊያው ስንጥቅ ማንም አልመለሰላትም። የእኛም በር እንደዚያ ነው።

ፖሊ_ሲቪል፦
ልክ ነህ፣ ረስተነው። ስንጥቁ ዓምዱ ላይ የትም ሳይሆን በማጠፊያው ትክክል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ዝገት ነው። በሩን የያዘው ብረት ጡቡ ውስጥ ተቀብሯል። ውሃ ሲያገኘው ይዝጋል፤ ዝገት ደግሞ ከብረቱ እጥፍና ከዚያ በላይ ቦታ ይፈልጋል። ቦታ ሲያጣ ጡቡን ይሰነጥቃል። ስንጥቁን በሲሚንቶ ብትደፍኚው ብረቱ ውስጥ መዛጉን አያቆምም። በዙሪያው ያሉት ጡቦች ይውጡ፣ ብረቱ ይታይ። ከላይ ብቻ ከዛገ ተፍቆ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ይቀባ። ከተበላ ይቆረጥና አዲስ ይበየድ።

ስንጥቁ ግን ከላይ እስከ ታች የሚወርድ፣ በበጋ ሰፍቶ በክረምት የሚጠብ ከሆነ ነገሩ ጥቁር አፈር ነው። መሠረቱ አብሮ ይነፋል፣ አብሮ ይኮማተራል። ያኔ ይኼ ሁሉ የተባለው ምክር አይሠራም፤ መሠረቱን የሚያይ ሰው ነው የሚያስፈልገው።

ሽምብጥ_ሰፈር፦
የእኛ አጭር ነው፤ በላይኛው ማጠፊያ አካባቢ ብቻ። ዝገት ይመስላል፤ ቡናማ ውሃ ወርዶበታል።

ዘንባባ፦
እኔ አሁንም ሴራሚክ ነኝ። 😅 ግን ያ "ኬሚካል" የተባለውስ? ቫርኒሽ የመሰለ ነገር ተቀብቶ የሚያበራ ጡብ አይቻለሁ፤ ያምራል።

ፖሊ_ሲቪል፦
የሚያበራው ላዩ ላይ ላስቲክ የመሰለ ሽፋን ስለሚሠራ ነው። ከታች እርጥበት የሚጠጣ ጡብ ላይ ሲቀባ ውሃው ከሥሩ ይታፈናል፤ ሽፋኑ በኋላ ይነሣል፣ ቆዳውን ይዞ። የዘይት ቀለምም ያው ነው። ሳይሸፍን ወደ ውስጥ የሚሰርግ፣ ሲሌን ወይም ሲሎክሳን የሚባል ዓይነት አለ፤ ትነቱን ብዙም አይዘጋም። እሱም ቢሆን ጡቡ ከተጠገነና በደንብ ከደረቀ በኋላ ነው። ጨው የሚያወጡት የታች ረድፎች ላይ ግን አልቀባውም።

ሴራሚኩንም በዚሁ ዓይን እዪው። ውሃው ከሥር እየመጣ ከሸፈንሽው ከኋላው ይሠራል፤ አንድ ቀን ሰሌዳው ከነሙጫው ይወርዳል።

ዘንባባ፦
እሺ እሺ፣ አጸደቅሁት። ጡቡ ይቆይ።

ሽምብጥ_ሰፈር፦
አሁን የሚያስጨንቀኝ ጊዜው ነው። ግንበኛ አግኝቼ ቶሎ ላስጀምረው ወይስ ልተወው?

ቱንቢ፦
ሁሉንም አሁን አትጀምሪ። መጋጠሚያውን አስከፍተሽ ዝናቡ ከመጣብሽ ጉድ ነው፤ ዓምዱ በተከፈተ ቁስሉ ክረምቱን ሙሉ ይጠጣል። አሁን ውሃውን የሚመልሰውን ብቻ ሥሪ። ቱቦው፣ አፈሩ፣ ክዳኑ። ደረጃውም አሁን ይሠራ፤ ሰው ይጥላል፤ ሥራውም ትንሽ ስለሆነ በላስቲክ ሊሸፈን ይችላል። ዓምዱ ይጠብቅ። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ጡቡ ተንፍሶ ሲደርቅ ይከፈትና ይሞላል።

ፖሊ_ሲቪል፦
እኔ ኅዳር እል ነበር። ክረምቱን ሙሉ የጠጣ ዓምድ በጥቅምት አጋማሽ ውስጡ መድረቁን እጠራጠራለሁ። ጨው መውጣቱን ሲያቆም ያኔ ጀምሪ፤ ምልክቱ እሱ ነው። ብሩሽ አድርገሽ ጠርገሽ ከሳምንት በኋላ ካልተመለሰ ደርቋል በይ።

ቱንቢ፦
ጥሩ ምልክት ነው። እሱ ይሻላል ከቀን መቁጠሪያ።

ባለባጃጁ፦
ክፍያውስ? በካሬ ይሻላል በቀን?

ቱንቢ፦
እንዲህ ያለውን ሥራ በካሬ የሚዋዋል ግንበኛ ይቸኩላል። አከፋፈቱ ነው የሚደበቀው፤ አንዴ ከተሞላ ማን ያየዋል? በቀን ይሁን። በካሬ ካልሆነ አልሠራም ካለ ደግሞ በሁለት ይከፈል፤ መክፈቱ ለብቻ፣ መሙላቱ ለብቻ። ሳይሞላ በፊት ምስማር ላይ ሁለት ሳንቲ ሜትር ምልክት አድርገሽ እየከተትሽ እይ። ምስማሩ እስከ ምልክቱ ካልገባ አይሞላ። መጀመሪያ ደግሞ በጓሮ በኩል፣ ሰው የማያየው ቦታ ላይ፣ ግማሽ ካሬ ያህል ይሥራልሽ። ሲደርቅ ቀለሙንም እጁንም ታይዋለሽ። ማልታ እርጥብ ሆኖ የሚታየው ቀለም አይደለም ደርቆ የሚሆነው፤ ይነጣል።

የዓባይ_ማዶ_ልጅ፦
ጋሼን ራሳቸውን ብንቀጥራቸውስ?

ቱንቢ፦
ጉልበቴ ደክሟል ልጄ። ቁጭ ብዬ ማዘዝ ከሆነ ግን ቡና ካለ እመጣለሁ።

ሽምብጥ_ሰፈር፦
ሰላም ናችሁ? ወሬውን ላድርሳችሁ። ቱቦው ዞሯል። ጠጠሩ ገብቷል፤ ወደ መንገዱ ቦይ መውጫም ተበጅቶለታል። አበባው ከእናቴ ጋር ትንሽ ካጨቃጨቀን በኋላ አጥሩ ጥግ ሄደ። ክዳኑ ከነገመዱ ተሞልቷል፤ ትናንት ዘንቦ ነበር፣ ውሃው ከጠርዙ ቀጥ ብሎ ሲንጠባጠብ ቆሜ አየሁት። የደረጃው ጠርዝም ተሠርቷል። ስናወጣቸው ሥራቸው ማልታ ሳይሆን አፈር ነበር የሚመስለው። ዓምዱን ለኅዳር ትቼዋለሁ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። የግራው ዓምድ ላይ ፊታቸው ጨርሶ የሄደ ጡቦች አሉ። ገበያ ላይ ያለው አዲሱ ጡብ በቀለምም በልክም አይመሳሰልም። ምን ላድርግ?

ቱንቢ፦
አዲስ ከመፈለግሽ በፊት አዙሪው። ጡቡን ዙሪያውን ማልታውን አስከፍተሽ ሳይሰበር ካወጣሽው ጀርባው ብዙ ጊዜ ደህና ነው፤ ጀርባውን ወደ ፊት አድርገሽ መልሺው። አንድ በአንድ ይውጣ፤ ጎን ለጎን ያሉትን አንድ ላይ እንዳታወጪ፣ ከላይ ያለው ይወርድብሻል። ስትመልሺው ከታችም ከጎንም ከላይም ማልታ ይኑረው፤ የላይኛው በደንብ ይጠቅጠቅ። ጀርባውም ካለቀ አሮጌ ቤት የሚያፈርስ ሰው ጠይቂ፤ ያ ጡብ ከያንቺው ጋር ይገጥማል።

ፖሊ_ሲቪል፦
ካወጣሽው ቦታ ያለውን አቧራ ጠርገሽ አርጥቢው። ጡቡንም ከማስገባትሽ በፊት ውሃ ውስጥ ትንሽ ንከሪው።

በያጁን ደግሞ ከመሞላቱ በፊት ጥሪው። ማጠፊያው ሲበየድ ሙቀቱ በብረቱ በኩል ገብቶ ገና ያልጠነከረውን ማልታ ያላቅቀዋል። መጀመሪያ ብየዳው፣ ቀጥሎ አንቲረስቱ፣ ከዚያ ጡቡ።